ለእታለም፦ ስለላክሁልሽ መነጽር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ እህትም እናትም ለሆንሽኝ እታለም፤

ሕመሙ እንዴት አድርጎሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔና ባለቤቴ፣ ልጆቹም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐሳባችን ሁሉ አንቺ ጋ ነው። ትንሿ ልጄ እኔን ሰምታ «እታለም» ማለት ጀምራለች፤ ማታ ጸሎት ስናደርስ ስምሽን ከሁሉ አስቀድማ የምትጠራው እሷ ናት።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሰው አንድ ካርቶንም ይሰጥሻል። ውስጡ ዓይንን ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን፣ ማሰሪያ ያለው ወፍራም መነጽር አለ። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይሉታል። ልጅሽ ሲያየው ያውቀዋል፤ ወጣቶች ጌም ይጫወቱበታል። እኔ የላክሁልሽ ግን ለሌላ ነው። በምሠራበት የማስታገሻ ሕክምና ክፍል፣ ሕመም ለጸናባቸውና ከአልጋ መነሣት ላቃታቸው ሰዎች እናደርግላቸዋለን፤ ጥቅሙን ባይኔ ስላየሁት ላንቺም ተመኘሁት። በስልክ ላስረዳሽ አስቤ ነበር። ነገር ግን አንቺ ስለ ልጆቹ፣ እኔ ስለ ምግብሽ ስንጠያየቅ ኔትወርኩ ይቋረጣል። በጽሑፍ ከሆነ ልጅሽ ቀስ ብሎ ያነብልሻል፤ ያልገባሽም ካለ መልሶ ያነብልሻል።

ባለፈው ስንነጋገር «አትደብቁኝ፤ የት እንደደረሰ አውቄያለሁ» ብለሽኛል። ስለዚህ እኔም በግልጽ እጽፍልሻለሁ። ይህ መነጽር ካንሰሩን አያድንም፤ አጥንትሽ ውስጥ የገባውንም አያወጣም። የሚያደርገው፣ ለጥቂት ጊዜ ከዚያ ክፍል አውጥቶ አንቺ የመረጥሽው ቦታ ማድረስ ነው፤ እዚያ ስትሆኚ ሕመሙ ይቀልልሻል። ለብዙዎች ቀልሏል። ላንቺም እንዲቀልልሽ ነው ምኞቴ።

የልጅሽ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሊፍት የለውም። ጥቁር አንበሳ ለጨረር ስትመላለሺ የጎረቤት ልጆች በወንበር ተሸክመው ሲያወርዱሽና ሲያወጡሽ እንደነበር ነግረሽኛል። ጨረሩ ካለቀ ወዲህ ግን ከዚያ ቤት አልወጣሽም። በጭነት መኪና ጋቢና ባቲ ገበያ ስትመላለስ የኖረች ሴት፣ ቀኑን ሙሉ የምታየው ኮርኒስና አንድ መስኮት ሲሆንባት ምን እንደሚሰማት አስባለሁ። ወገብሽን የሚቆረጥመው አንድ ሕመም ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ራሱን የቻለ ሕመም ነው።

ይህን ለይታ ያስተማረችን ሲሲሊ ሳውንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ናት። መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ ኋላም ሐኪም ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስን ከፈተች። የእኛ ሙያ አብዛኛው ከዚያ ቤት የተቀዳ ነው። ሰው ሲታመም የሚያመው ሥጋው ብቻ እንዳልሆነ ነበር የምታስተምረው፤ ኀዘኑ፣ ብቸኝነቱ፣ «ለልጆቼ ሸክም ሆንኩ» የሚለው ሐሳቡ፣ ከፈጣሪው ጋር ያለው ጥያቄ፣ ሁሉም በአንድነት ያመዋል። አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ሕክምና ግማሽ ሕክምና ነው። አንቺ «ልጄን ከሥራ አስቀረሁት» እያልሽ ስታለቅሺ፣ ያ ልቅሶ ሕመምሽ ነው፤ ልናክመው ይገባል።

አሁን መነጽሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ ሥዕል ያሳያል። ሁለቱ ሥዕሎች በጥቂቱ ስለሚለያዩ አእምሮሽ ያዋሕዳቸውና ቅርብና ሩቅ ያለው፣ ገብተሽ የቆምሽበት ቦታ ያደርጋቸዋል። ራስሽን ወደ ቀኝ ስታዞሪ መዞርሽን ያውቅና በስተቀኝ ያለውን ያሳይሻል፤ ቀና ስትዪ ሰማዩን፣ ዞር ስትዪ ከኋላሽ ያለውን። ቴሌቪዥን ስታዪ ክፍሉ አብሮሽ ነው፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ መጋረጃው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት። መነጽሩን ስታደርጊ ግን ክፍሉ ጭራሽ ይጠፋል።

ሕመም ከሥጋ ቢነሣም የሚሰማን አእምሮ ሲቀበለው ነው። አእምሮ ደግሞ ሁሉን ነገር እኩል አይሰማም፤ ዓይንና ጆሮ በሌላ ነገር ሲያዙ ለሕመሙ የሚተርፈው ትኩረት ያንሳል። ይህን ያለ ሳይንስ ታውቂው ነበር። ክንዴ በወለቀ ጊዜ ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ሊስበው ሲጀምር፣ ጭንቅላቴን ጉያሽ ውስጥ ሸጉጠሽ የጦጣና የአንበሳውን ተረት ጀመርሽልኝ። ጦጣዋ ዛፉ ላይ ወጥታ ስትናገር ድምፅሽን ታቀጥኚ ነበር። ወጌሻው መቼ እንደሳበው ትዝ አይለኝም፤ የጦጣዋ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ በጆሮዬ ነው።

በሳይንስ የፈተኑት ሲያትል ያሉት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን ናቸው። በእሳት የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ሲጸዳና ፋሻው ሲቀየር የሚደርስበት ስቃይ፣ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ማስታገሻ እንኳ የማይችለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የተቃጠሉ ሁለት ወጣቶች ቁስላቸው ሲታከም መነጽሩን ባደረጉበት ጊዜ ሕመማቸው፣ ተራ ቪዲዮ ጌም ሲጫወቱ ከነበረው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ለተቃጠሉ ሰዎች ተብሎ ስኖውወርልድ የሚባል የበረዶ ዓለም ተሠራ፤ ሕመምተኛው በበረዶ ሸለቆ ውስጥ እየተንሳፈፈ የበረዶ ኳስ ይወረውራል። እሳት ለበላው ሰው በረዶ! ያሰበው ሰው እጁ ይባረክ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ጤነኛ ፈቃደኞችን ኤምአርአይ ውስጥ አስተኝተው ቆዳቸውን በሙቀት እያሳመሙ ሲያዩ፣ መነጽሩ በተደረገ ጊዜ ከሕመም ጋር የተያያዙት የአእምሮ ክፍሎች ሥራ ቀንሶ ታየ። ሰው «ቀለለኝ» ሲል ነርሷን ላለማስቀየም፣ ለይሉኝታ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅነው ከዚህ ነው። ይሉኝታን ደግሞ አንቺና እኔ እናውቃታለን።

ይህ ሁሉ ስለ ቃጠሎ ነው ትዪኝ ይሆናል። ስለ ካንሰር ያለው ጥናት ከኔ ብዙም ሳይርቅ፣ ሜድስታር ዋሽንግተን ሆስፒታል ሴንተር ውስጥ ተሠርቷል፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ካንሰር ያለባቸው 128 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ 10 ደቂቃ መነጽሩን አደረጉ፤ ግማሾቹ ለ10 ደቂቃ ያህል በታብሌት የሚያረጋጋ ሥዕል እያዩ የሚመራቸውን ድምፅ ሰሙ። ሕመማቸውን ከ0 እስከ 10 ቁጥር እየሰጡ ሲለኩ፣ የመነጽሮቹ በአማካይ 1.4፣ የታብሌቶቹ 0.7 ቀነሰ። በማግሥቱ ሲጠየቁ መነጽር ያደረጉት አሁንም ከመጀመሪያው 1.7 ዝቅ ብለው ተገኙ፤ ሌሎቹ 0.3 ብቻ። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስልሽ ይችላል። እኔ ግን በየቀኑ የማየው ነው። ሕመሟ 7 የሆነባት ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፤ 5 ተኩል ሲሆንላት ዞር ብላ «ልጄ መጣ ወይ?» ትላለች፤ ሾርባም ትቀምሳለች።

ጃፓን ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ አለ፤ እኔን ወደዚህ ደብዳቤ የመራኝ እሱ ነው። ካንሰራቸው መጨረሻ ደረጃ ላይ የደረሰ 20 ሕሙማን፣ በጉግል ኧርዝ በኩል ሊሄዱበት የሚሹትን ቦታ ራሳቸው መርጠው ለ30 ደቂቃ ጎበኙ፤ ትዝታ ወዳለበት ቦታ የተመለሱም፣ አይተውት ወደማያውቁት የሄዱም ነበሩ። ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ድካሙ፣ የትንፋሽ ማጠሩ፣ ጭንቀቱና መከፋቱም ቀንሶ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የሚነጻጸርበት ሌላ ቡድንም አልነበረውም። ስለዚህ ከልክ ያለፈ ተስፋ አልሰጥሽም። ነገር ግን «የት ልውሰድዎ?» ብሎ ሕመምተኛውን መጠየቁን ወደድኩት። ሆስፒታል የገባን ሰው ስለ ሰውነቱ እንጂ ስለ ፍላጎቱ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ክፍላችን ውስጥ አይቻለሁ። ከመነጽሩ ጋር ተጭነው የሚመጡት ቪዲዮዎች አብዛኛዎቹ የባሕር ዳርቻ፣ የዓሣ ነባሪ፣ የጥድ ጫካ ናቸው። እዚህ ተወልዶ ላደገ ሰው ባሕር ዕረፍት ነው። አንድ ጊዜ ግን የአገራችን ሰው የሆኑ አንዲት እናት ገቡ፤ ደገኛ ናቸው። ባሕሩን ስናሳያቸው የአልጋውን ብረት ጭምቅ አድርገው ይዘው «ውሃው መጣብኝ፣ አንሡልኝ» አሉ። እስትንፋሳቸው እስኪመለስ እጃቸውን ይዤ ቆየሁ። በሌላ ቀን ራሳቸው ጠይቀው፣ ተራራና ሰፊ የሣር መስክ ያለበትን አሳየናቸው። ራሳቸውን ቀስ እያደረጉ ከግራ ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ነጠላቸውን የጨበጡበት ጣት ላላ። ሲያወልቁ ምን አሉ መሰለሽ? «ሁሉም አለ፤ የጎደሉት ከብቶቹ ናቸው።» ከዚያ ስለ ከብቶቻቸው በየስማቸው እየጠሩ ነገሩኝ፤ እራት እስኪመጣ አላባሩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ላንቺ መነጽሩን ከመላኬ በፊት የራስሽን አገር ማግኘት አለብኝ አልኩ። ደሴን በሳተላይት ፈልጌ አይቻታለሁ፤ የጦሳ ተራራም፣ የቤቶቹ ቆርቆሮም ይታያል፤ ግን ከሰማይ ላይ ሆኖ ማየት ለወፍ እንጂ ለሰው አይሆንም። ስለዚህ ደሴ ሠርግ እየቀረጸ የሚኖረውን የልጅሽን ጓደኛ ለመንኩት። ፊትና ጀርባዋ ላይ ሌንስ ያላት፣ ዙሪያውን በአንዴ የምትቀርጽ ትንሽ ካሜራ በሰው ላክሁለት። አደራ ያልኩት፣ ካሜራዋን ይዞ እንዳይራመድ ነው፤ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚደርስበት ከፍታ አቁሟት ዞር እንዲልላት። ካሜራው ከተንቀሳቀሰ፣ ዓይንሽ «እየሄድኩ ነው» ሲል ጆሮሽ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ደግሞ «ተኝቻለሁ» ይላል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ማጥወልወል ይመጣል።

ልጁ ይባረክ! ሦስት ቦታ ቀርጾ ላከልኝ። አንዱ ሐይቅ ነው፤ ከውሃው ዳር፣ በጠዋት፣ ወፎቹ ሲንጫጩ። ሁለተኛው ባቲ ነው፤ ሰኞ ገበያ፣ አንቺ ጆንያሽን ዘርግተሽ ትቀመጪበት በነበረው በእህል ተራው በኩል። ግመሎቹ ከጀርባሽ ያልፋሉ፣ አፋሮቹ ይመጣሉ፣ ሰው በአማርኛም በኦሮምኛም በአፋርኛም ሲከራከር ትሰሚያለሽ። ከፊት ለፊትሽ አንዲት ልጅ እግር ሴት እህል ስትሰፍር እጇን ተመልከቺ፤ አሰፋፈሯ ካንቺ የተማረችው ነው የሚመስለው። ሦስተኛው የእኛው ግቢ ነው። የአጎታችን ልጅ ጌሾውን አልቆረጠውም፤ በሩ ላይ ያለው ድንጋይም እዚያው ነው።

ስለ ግቢው አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። እናታችንን የሸኘነው ከዚያ ነው። ትዝታ ያለበት ቦታ እንደሚያሳርፍ ሁሉ ያስለቅሳልም፤ ክፍላችን ውስጥ መነጽሩን አውልቀው ያለቀሱ ብዙ ናቸው። ያለቀሰ ሁሉ ተጎዳ ማለት አይደለም፤ ግን ልብሽ በፈቀደው ቀን፣ ልጅሽ አጠገብሽ ተቀምጦ ሳለ ይሁን። ካልፈለግሽው ከነጭራሹ አትክፈቺው፤ ቅር አይለኝም።

መጀመሪያ በሐይቁ ጀምሪ። ግን አስቀድማችሁ ሐኪምሽን ጠይቁ፤ በሽታው ወደ ጭንቅላት የተዛመተበት፣ የሚጥል ሕመም ያለበት ወይም ሐሳቡ የተምታታበት ሰው ሳይጠይቅ ባያደርገው ይሻላል። ትራሱን ደራርበው ቀና ያድርጉሽ። የሻሽሽን ቋጠሮ ወደ ጎን አዙሪው፤ ማሰሪያው ከላዩ ሲያርፍ ማጅራትሽን ይጫንሻል። መነጽሩ ግማሽ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን አንገትሽ እንዳይደክም ለመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። ካጥወለወለሽ ዓይንሽን ጨፍኚና ያውልቁልሽ። አንቺ ክፍሉን አታዪም፤ ስለዚህ ማንም ሰው ሳይናገር እንዳይነካሽ፤ «እታለም፣ እጅሽን ልይዝ ነው» ብሎ ይያዝሽ። ገላሽን ሊያጥቡሽ ሲያገላብጡሽ ነው በጣም የሚያምሽ ብለሽኝ ነበር፤ ስትለምጂው ከዚያ ትንሽ ቀደም ብለሽ፣ ከተቻለም በዚያው ሰዓት ሞክሪው።

ለልጅሽ፦ ቪዲዮዎቹ ተጭነዋል፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ባትሪው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚቆየው፤ መብራት ሳይጠፋ ሙላው። ሌንሱን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረገው፤ አልኮል እንዳይነካው። መስኮት ላይ እንዳታስቀምጠው፤ ሌንሱ የፀሐይ ጨረር ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል። ዋይፋይ ካለ እሷ የምታየውን በስልክህ ማየት ትችላለህ። አንድ ነገር ግን አደራህን አድርግ። እናትህ ባቲን ስታይ አብረሃት እይና ጠይቃት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ከማን ጋር ዕቁብ እንደገባች፣ በድርቁ ጊዜ ማን ለማን እንዳበደረ። አንተን ያስተማረው ያ ገበያ ነው።

እታለም፣ ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ነገር አለ። መነጽሩ የሞርፊኑን ቦታ አይወስድም። «ሲያመኝ ብቻ ነው የምወስደው፤ ሱስ እንዳይሆንብኝ» ስትዪ ሰምቼ አንጀቴ ተላወሰ። እንደዚህ ላለ ሕመም፣ ሐኪም ባዘዘው ልክ የሚወሰድ ሞርፊን እንደምትፈሪው ያለ ሱስ አይሆንም፤ የሞት መድኃኒትም አይደለም። የሚሠራው በሰዓቱ ሲወሰድ ነው። ፈሳሹ ሞርፊን የሚቆየው አራት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ሕመሙ ጠንክሮ እስኪመጣ ከጠበቅሽው ለመመለስ ያስቸግራል። የሆድ ድርቀቱ ግን የማይቀር ነው፤ ለዚያ የሰጡሽን ማለስለሻ አብረሽ ውሰጂ። ከሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ እየመጡ የሚያዩሽ ነርሶች ሲጠይቁሽ «ደህና ነኝ» አትበያቸው። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቃሽ፣ የቱ ጋ እንደሚወጋሽ ንገሪያቸው። በሕይወትሽ ሙሉ የሌላውን ሰው ሕመም ስትሰሚ ኖረሻል፤ አሁን ያንቺ ይሰማ።

እኔ አጠገብሽ አለመሆኔን ይህ ዕቃ እንደማይተካው አውቃለሁ። ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ ለገና እንድደርስ እየጣርኩ ነው። እስከዚያው ግን ከኮርኒሱ ሥር የምታወጣሽን አንዲት ሰዓት እንኳ ካገኘሽ ትልቅ ነገር ነው። አብሽሪ እህቴ፤ ብቻሽን አይደለሽም።

የደሴው ልጅ መንገዱ ከተመቸ የታኅሣሥ ማርያም በ21 ግሸን ወጥቶ እንደሚቀርጽልኝ ቃል ገብቷል። መስከረም ላይ እንዳለው ሕዝብ ባይሆንም ቅዳሴው አለ፤ አምባውም አለ። ወይስ ሌላ የምትናፍቂው ቦታ አለ? ጦሳን ከታች ማየት ትፈልጊያለሽ? ወይስ አይተሽው የማታውቂው አገር? የተማርኩበትን ትምህርት ቤት አሳየኝ ብትዪኝም ይቀረጻል። ለልጅሽ ንገሪውና ይጻፍልኝ፤ እኔም ለልጁ በጊዜ ልንገረው።

ባለቤቴና ልጆቹ እጅሽን ይስማሉ።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ